ፊት በእጅ፣ ተረከዝ በሊፋ

«ስፖንጅ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ነው የተዋስነው። የመጀመሪያው ብድር የአክሱም ዘመን ነው፤ ወንጌል ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ሲመለስ የመጣ። በስቅለቱ ታሪክ ውስጥ ሆምጣጤ የተሞላውን ያን ለስላሳ ነገር ግሪኮቹ «ስፖንጎስ» ይሉታል፤ በግእዙ «ሰፍነግ» ሆነ፣ ከዚያም ወደ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተሻገረ። ሰፍነግ ከባሕር ወለል የሚነቀል እንስሳ ነው። ደገኛው ምእመን ግን ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ ስሙን በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ሲሰማ ኖረ። ሁለተኛው ብድር የቅርብ ነው። ያው ቃል በፈረንጅ አፍ ዞሮ «ስፖንጅ» ሆኖ ተመለሰ፤ ፍራሽም፣ ዕቃ ማጠቢያም፣ የፊት ዱቄት መቀቢያም ሆነ።

በሁለቱ ብድሮች መካከል ከሺህ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለ። ያን ሁሉ ዘመን ግን ሰው ገላውን ሳይፈገፍግ ኖረ ማለት አይደለም። እንሰት የሚበላው ደቡብ ቃጫ ነበረው፤ እንሰቱ ተፍቆ ምግቡ ሲወጣ የሚቀረው ጭረት ገመድ ይሆናል፣ ጆንያ ይሆናል፣ ጨምደድ ሲያደርጉት ደግሞ ዕቃም ገላም ይታጠብበታል። በምዕራብ በኩል፣ ወደ ሱዳን የሚወርደው ቆላ ደግሞ ሌላ ቃል አለው፦ ሊፋ።

እኔ ሊፋ የሚለውን ቃል የሰማሁት አብደራፊ ነው። አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለች የሰሊጥ ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ አረሙን ለማረም፣ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ሰሊጡን ለማጨድ ከደጋው ብዙ ሺህ ወጣት ይወርዳል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ማንም አይገረምም። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲዘንብ እንደ ሊጥ ይያያዛል፣ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሰው ተረከዝም እንደ መሬቱ ይሰነጠቃል። እዚያ ሻይ የሚያፈሉ አንዲት እናት ስለ ሊፋ ስጠይቃቸው ሳቅ ብለው «ሊፋ ለተረከዝ ነው የኔ ልጅ፤ ፊትማ በእጅ ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ይኸው ሊፋ አዲስ አበባ የመዋቢያ ዕቃ መደብር ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በክብ ተቆርጦ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ «ተፈጥሯዊ የፊት ማጽጃ» ይባላል። ስልካችን ላይም ፊቷን በሱ እየፈገፈገች «ቆዳዬ ጠራ» የምትል ልጅ አትጠፋም። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ ነገር መቼና እንዴት ከተረከዝ ተነሥቶ ፊት ላይ ወጣ? መልሱን ስፈልግ ከአብደራፊ ወደ ስናር፣ ከስናር ወደ ጃፓን፣ ከጃፓን ወደ መርከብ ሞተር ወሰደኝ። ኑ አብረን እንሂድ።

የቅል ዘመድ

ሊፋ የሚወጣበት ተክል የዱባ ወገን ነው። ኪያር፣ ሐብሐብና ቅል የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ሐረጉ አጥር ላይና ዛፍ ላይ ይንጠላጠላል፣ ቢጫ አበባ ያብባል፣ ፍሬው እንደ ኪያር ይረዝማል። ለጋ ሳለ በእስያ ብዙ አገር ወጥ ይሠሩበታል። ካረጀ ግን አይበላም። ፍሬው ውስጥ ውኃና ምግብ የሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች እየጠነከሩና እርስ በርስ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። ሲደርቅ ቅርፊቱን መላጥ፣ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ዘሩን ማራገፍ ነው፤ የሚቀረው ማንም ያልሸመነው መረብ ነው። መረቡ የተሠራው በዋናነት ከሴሉሎስና ከሊግኒን ነው። ሊግኒን ማለት እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ነገር ነው። እዚች ላይ ቆም እንበል፦ ሊፋ ሰፍነግ ይመስላል እንጂ ሥሪቱ ለእንጨት ይቀርባል። ውኃ ሲነካው ለስለስ ቢልም ጠርዙ ጠርዝ ነው።

«ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ይባል የለ? የዚህ የቅል ዘመድ አገር የት እንደሆነ ግን ስሙ አይነግረንም። የዕፅዋት አጥኚዎች መነሻውን እስያ ያደርጉታል። አውሮፓ ያወቀው ደግሞ በግብፅ በኩል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ቬስሊንግ ግብፅ ኖሮ ሲመለስ ስለ ግብፅ ዕፅዋት የጻፈውን እ.ኤ.አ. በ1638 አሳተመ፤ ዐረቦቹ «ሉፍ» የሚሉትን ስም ወደ ላቲን አስገብቶ «ሉፋ» አለው። እንግሊዛዊው የአትክልት ሊቅ ፊሊፕ ሚለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1768 «ሉፋ ኤጂፕቲያካ»፣ ግብፃዊቷ ሉፋ፣ ብሎ መዘገበው። ከእስያ የመጣው ተክል እስከ ዛሬ በግብፅ ስም ይጠራል።

ዐረብኛው ራሱ የሚናገረው አለ። «ሊፍ» ማለት ጭረት ማለት ነው፤ ከተምር ዛፍ ግንድ ላይ የሚላቀቀው ሻካራ ጭረትም ሊፍ ይባላል። ግብፅና ሱዳን ገመድም ይገምዱበታል፣ ገላም ይታጠቡበታል። ስለዚህ የድንበሩን «ሊፋ» ወደ አማርኛ መልሱ ብትሉኝ የምመልሰው «ቃጫ» ብዬ ነው። እንሰት የበቀለበት እንሰቱን፣ ተምር የበቀለበት ተምሩን፣ ሐረጉ የወጣበት ሐረጉን ወሰደ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ሦስቱም ቦታ ላይ ይኸው ጭረት መጀመሪያ የሥራ ዕቃ ነው። የሚያስር፣ የሚሸከም፣ ድስት የሚፈትግ።

የዝሆን ስብ

ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው መንገድ የቆዳ ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1771 ማብቂያ ላይ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደርን ለቆ በዚህ ቆላ በኩል ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ። ዛሬ መተማ በምንላት ከተማ ዙሪያ የነበረው ግዛት ያን ጊዜ ራስ አል ፊል ይባል ነበር፤ ብሩስም ከንጉሡ የግዛቱን ገዥነት ሹመት ተቀብሎ ነበር። እዚያ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ በ1772 የጸደይ ወራት ስናር ገባ፤ የፉንጅ ነገሥታት ከተማ።

ብሩስ በመጽሐፉ ከተረካቸው ነገሮች አንዱ ከስናሩ ንጉሥ ጋር ያደረገው ጨዋታ ነው። ንጉሡ ተቀምጠው አሽከራቸው ገላቸውን በቅባት ያሻል። ሽታው ለብሩስ ከባድ ነው። ንጉሡ የዝሆን ስብ መሆኑን፣ ሰውን እንደሚያበረታና ቆዳን እንደሚያለሰልስ ይነግሩታል፤ አንተስ አትቀባም ወይ ይሉታል። እሱ ሽታውን እንደማይችለው ሲናገር፣ ተቀብተህ ቢሆንማ ፀጉርህ እንዲህ ባልቀላ ነበር ይሉታል። የብሩስ ፀጉር ቀይ ነበር።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ የሰውን መልክ የእንክብካቤ ውጤት አድርጎ ማየት፣ «እንዲህ ብታደርግ እንዲህ ባልሆንክ ነበር» ማለት፣ በቲክቶክ የተጀመረ አይደለም። ለስናሩ ንጉሥ ቅላት የቸልተኝነት ምልክት ነበር፤ ዛሬ ለብዙ ልጆች ጥቁረት ነው የቸልተኝነት ምልክት የሆነው። ፍርዱ ተገለበጠ እንጂ አካሄዱ ያው ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ቤተ መንግሥት ቆዳን መንከባከብ ማለት ቆዳ ላይ መጨመር ነበር። ማንም ንጉሡን አልፈገፈጋቸውም። የደረቀ አገር ቆዳ የሚፈልገው ቅባት ነው፤ ፀሐዩና ነፋሱ የሚላጠውን አስቀድመው ልጠውታል።

ጢስ፣ ሊጥና እጅ

መተማን አብዛኞቻችን የምናውቃት በጦርነት ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የወደቁት እዚያ ነው። ድንበሩ በወረቀት የተሠመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 በተፈረመው ውል። ከውሉ በፊትም መተማና ገላባት ገበያ ነበሩ፤ የደጋው ቡናና ሰም ይወርዳል፣ የቆላው ጥጥ ይወጣል፤ ወደ መካ ሲሄዱ መንገድ ላይ የቀሩ ምዕራብ አፍሪካውያን፣ ተክሩሪ የሚባሉት፣ መንደር መሥርተውበታል። ጦርነት ታሪክ ጸሐፊ አያጣም። ገላ መታጠብ ግን የሴቶች ጉዳይ ነውና ማንም አይጽፈውም። ምልክቱ የሚገኘው በዛፎች ስም ነው።

የሱዳን ሴቶች «ዱኻን» የሚሉት የጢስ መታጠቢያ አላቸው። መሬቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እንጨት ይጨሳል፣ ሴቲቱ ልብስ ተከናንባ ጢሱ ላይ ትቀመጣለች፣ ላቧ ይወርዳል። ከሚጨሱት እንጨቶች አንዱ «ጠለሕ»፣ ሌላው «ሻፍ» ነው። ሻፍ የሚሉትን ዛፍ ሳይንስ «ተርሚናሊያ ብራውኒ» ይለዋል፤ እኛ ደግሞ ወይባ። አዎ፣ ያችው ወይባ! ሙሽራና አራስ የሚሞቋት፣ ጎንደርና ወሎ የሚያውቋት። ድንበሩ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ብሎ የለያቸው ሴቶች አንድ ዛፍ በሁለት ስም ሲያጨሱ ኖረዋል።

ከጢሱ ቀጥሎ የሚመጣው «ዲልካ» ነው። የማሽላ ሊጥ በቅርንፉድና በሰንደል ተለውሶ፣ በጢስ ታጥኖ ይዘጋጃል። ላብ ያለሰለሰው ገላ ላይ በእጅ እየታሸ ይደርቃል፣ ሲደርቅ እየተንከባለለ ይራገፋል፤ የሞተውን ቆዳ ይዞ ይወርዳል። በመጨረሻ «ከርከር» የሚባለው፣ ሰሊጥ ዘይት የሚገባበት ቅባት ይከተላል። ማሽላውም ሰሊጡም የአብደራፊ መሬት የሚያበቅላቸው ናቸው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ሙቀትና ላብ፣ ከዚያ ሊጥ፣ ከዚያ የሰው እጅ፣ ከዚያ ቅባት። የእንጨት መረብ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ፊት ላይ ቦታ የለውም። ሊፋ ካለ ለጀርባ ነው፣ ለክርን ነው፣ ለተረከዝ ነው። ይህን ሥርዓት ያዘጋጀ ሰው የቆዳ ሐኪም አልነበረም። ግን የትኛው የገላ ክፍል ምን እንደሚችል ለትውልዶች በእጅ ሲፈተሽ የተገኘ ዕውቀት ነው፤ ለዚህም ነው እናቲቱ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጨርሰው ሊነግሩኝ የቻሉት።

ይህ ዕውቀት በሰው ላይ ተጭኖ ነው የሚሻገረው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ገባ፤ ለስደተኞች የተዘጋጁት የኩመርና የአውላላ መጠለያዎች እዚሁ ምዕራብ ጎንደር ነው የተቋቋሙት። ከነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ማድቤታቸውን፣ ሰንደላቸውን፣ የጢስ ጉድጓዳቸውን ጥለው ነው የመጡት። የተረፋቸው ቅደም ተከተሉ ነው።

የመርከብ ሠራተኛ

ታዲያ ሊፋን ከአጥር አውርዶ የዓለም ሸቀጥ ያደረገው ማነው? በዋናነት ጃፓን ናት። ጃፓኖች ተክሉን «ሄቺማ» ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለውጭ ገበያ በብዛት ማምረት ጀመሩ። የሚያስገርመው ግን እነሱ ራሳቸው ለፊታቸው የሚጠቀሙት ነገር ነው። ሐረጉን ቆርጠው ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡታል፤ ጠብ ጠብ እያለ የሚጠራቀመውን ውኃ ፊታቸውን ይቀቡታል። ይህ የሄቺማ ውኃ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ የቁንጅና ቅባት ነው። ውኃው ለፊት፣ ጭረቱ ለገላ። ከአብደራፊ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ፣ ስለ እኛ ቆላ ሰምቶ የማያውቅ ሕዝብ እዚያው ድንበር ላይ ደርሷል።

አሜሪካ ደግሞ ሊፋውን የፈለገችው ለሌላ ነገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ አሜሪካ ከሚገባው ሊፋ 60 በመቶ ያህሉ ወደ መታጠቢያ ቤት አልገባም፤ የመርከብ የእንፋሎት ሞተርና የናፍጣ ሞተር ማጣሪያ ነው የሆነው። የእንፋሎት ሞተር ውኃውን ደጋግሞ ስለሚጠቀም ውኃው ውስጥ የገባው ዘይት መያዝ አለበት፤ ካልተያዘ ማፍያውን ያበላሻል። ያን ዘይት ጠምዶ የሚያስቀር፣ ሙቀት የማይበግረው፣ ርካሽ መረብ ሲፈለግ የተገኘው ሊፋ ነው። ዋናዋ አቅራቢ ጃፓን ስለነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲገጥሙ ምንጩ ተዘጋ።

እንግዲህ አስቡት። ዛሬ «ለስላሳ፣ ተፈጥሯዊ» ተብሎ ለጉንጭ የሚሸጠው ነገር፣ ከሰማንያና ዘጠና ዓመት በፊት ትልቁ ደንበኛው የመርከብ ሞተር ክፍል ነበር። ኋላ ሰው ሠራሽ ማጣሪያ ሲበዛ ያ ሥራው ቀረና መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ቀረለት። ከዚያ ፕላስቲክ ጠላን፤ መጥላታችንም ልክ ነበር። ፕላስቲክ ያልሆነ፣ ተመልሶ አፈር የሚሆን ነገር ፈለግን። ሊፋው ይህን ሁሉ ያሟላል፤ አገልግሎቱን ጨርሶ ብትጥሉት ይበሰብሳል። ለምድር ጥሩ መሆኑ ግን ለፊት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ዕቃው ከየት እንደመጣ እንጂ የት እንደሚያገለግል አይናገርም። እንዶድም ተፈጥሯዊ ነው። ግን አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲያይ ነው ያ ታላቅ ምርምሩ የተጀመረው። ነጠላ የሚያነጣ ሁሉ ለዓይን ሥር አይሆንም።

መረቡ ሥር ያለው

እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ ከሚገኘው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ማእከል የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ገላዋ ላይ የፀጉር ሥሮች ቁስለት የወጣባት ታካሚ ገጥማቸው ምንጩን ሲከተሉ ሊፋዋ ላይ ደረሱ። ያገኙት ነገር ግልጽ ነው፦ እርጥብ ሊፋ ከገላ የለቀቀውን ቆዳ በመረቡ ይይዛል፣ ባክቴሪያ ደግሞ በዚያ ምግብና እርጥበት ላይ ይራባል። ፊትን ሲፈገፍጉ በዓይን የማይታይ ጭረት ይወጣል፤ ባክቴሪያው በዚያ ይገባል። መርከቡ ላይ ዘይት አላሳልፍ ብሎ የያዘው ያው መረብ ነው፤ መያዝ ሥራው ነው። መፍትሔው ከተጠቀሙ በኋላ ጨምቆ ፀሐይ ላይ ማንጠልጠል፣ በየጊዜው በረኪና በገባበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ሲያረጅ መጣል ነው። መስኮት የሌለው የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚውል ሊፋ ግን ጠዋትም ማታም እርጥብ ነው።

ተረከዝ ላይ ያለው የሞተ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ይፈገፈጋል፣ አይቆጣም። የፊት ቆዳ ስስ ነው። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ፊት ለመታጠብ የሚሰጠው ምክር ለብ ያለ ውኃ፣ ለዘብ ያለ ማጽጃና የጣት ጫፍ ነው፤ ጨርቅም የመረብ ስፖንጅም ቆዳውን ሊያስቆጣ ይችላል ይላል። ሻይ የሚያፈሉት እናት አካዳሚውን አያውቁትም፤ አካዳሚውም እሳቸውን።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የቀለሙ ነገር ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። «ፊቷ ጠራ» ስንል ብጉሩ ጠፋ ማለታችን ይሆናል፤ ቀላች ማለታችንም ይሆናል። «ፊቱ ጠቆረ» ስንል ፀሐይ መታው ማለታችን ይሆናል፤ አኮረፈ ማለታችንም ይሆናል። ንጽሕናና ቅላት በአንድ ቃል፣ ጥቁረትና ክፋት በአንድ ቃል። ቋንቋው እንዲህ ካስተማረን በኋላ ሊፋ የያዘ እጅ እድፉን ከቀለሙ እንዴት ይለያል?

ቆዳ ግን ይለያል። ለቀለማችን ምክንያት የሆነው ሜላኒን የሚሠራው በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ግርጌ ነው። ሊፋ የሚያነሣው ከላይ ያለውን፣ ሞቶ ሊረግፍ የደረሰውን ነው። ቀለሙ ጋ ለመድረስ ማቁሰል ያስፈልጋል። ቆዳ ሲቆስልና ሲቆጣ ደግሞ፣ በተለይ ጠይምና ጥቁር ቆዳ፣ የሚመልሰው መልስ ተጨማሪ ሜላኒን ነው። ለዚህ ነው ብጉር ከዳነ በኋላ ጥቁር ነጥብ የሚቀረው። ፊቷን ለማቅላት የምትፈገፍግ ልጅ ለወራት ደክማ የምታገኘው ጠቆር ያለ ጉንጭ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ይበልጥ ትፈገፍጋለች። አዙሪቱ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ጥቁሩ በሽታ

አብደራፊ ላይ ይህ ነገር ከቁንጅናም ያልፋል። አካባቢው የካላዛር አገር ነው፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት እዚያ ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ሲያክም የቆየ ነው። የበሽታው ስም ከሕንድ የመጣ ሲሆን «ካላ» ማለት ጥቁር ነው፤ ሕንድ ውስጥ የታማሚው ቆዳ ጠቆር ሲል ስላዩ የሰጡት ስም ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። ዝንቡ የሚወደው የዋልካውን ስንጥቅና የጠለሕን ጥላ ነው፤ ያ ማዶ ያሉት ሴቶች የሚያጨሱት ጠለሕ። የሰሊጥ ሠራተኛው ሲመሽ የሚያድረው ከዛፉ ሥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካላዛር ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ ይገድላል።

ታክሞ የዳነም ሰው ላይ ከወራት በኋላ አንዳንዴ ሌላ ነገር ይመጣል። ፊት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከአፍ ዙሪያ ጀምሮ፣ ሽፍታና እብጠት ይወጣል። ድርጅቱ በምሥራቅ አፍሪካና በሕንድ ክፍለ አህጉር ከታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይጽፋል፤ ሱዳን ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ግን ቁጥሩ እስከ ግማሽ ደርሷል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ግን ሽፍታው ውስጥ የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ ስላለ ዝንቡ ከዚያ ወስዶ ለሌላ ሰው ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መስተዋት ፊት የቆመ የሃያ ዓመት ልጅ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያየው የተበላሸ ፊት ነው። እጁ የሚሄደው ወደ ሳሙናውና ወደ ሻካራው ነገር ነው።

ጤነኛውም ቢሆን አይተርፍም። ሦስት ወር ሰሊጥ አጭዶ ደጋ ሲወጣ የሚቀበለው ቃል «ጠቁረሃል፣ ቆላው በላህ» ነው። ሰው በፍቅር ነው የሚለው፤ እናት ለልጇ፣ እኅት ለወንድሟ። ያ ፊት ግን አልቆሸሸም። ፀሐይ ሲበረታ ቆዳው ጥላ ዘርግቶ ሰውየውን ሲጠብቅ የከረመበት ፊት ነው። ፀሐዩ ሲርቅ ቆዳው በየጊዜው እየታደሰ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። አጣዳፊ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ሊፋውን ጣሉት አልልም። ዕድሜ ልኩን የሠራ ዕቃ ነው፤ ገመድ ከሚሆነው ቃጫ ጋር ወንድም፣ ከመርከበኛ ጋር ባልንጀራ፣ ከቅል ጋር ዘመድ። ጀርባችሁንና ክርናችሁን ስጡት። ከመንገድ የገባ፣ ዋልካ የሰነጠቀው ተረከዝ በሱ ሲታሽ ደስ ይላል፤ ቀጥሎ የሰሊጥ ዘይት ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል። ፊት ላይ ግን ውኃ፣ ጣትና ትዕግሥት ይበቃሉ። እዚያ ላይ የወጣ፣ የማይለቅ ነገር ካለም መልሱ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ከቆላ የመጣ ዘመድ ደጃችሁ ላይ ሲቆም ደግሞ ከ«ጠቁረሃል» በፊት «እንኳን ደኅና ገባህ» በሉት፤ እግሩንም የሚታጠብበት ውኃ አቅርቡለት።